ለሱስ መከላከል ሥራ የከተማ ዳር ሰፈርን ፍላጎትና አቅም ማጥናት፦ ከየካ አባዶና አካባቢው የተገኘ ተሞክሮ

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በሚገኙት የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች፣ ወጣቶች ወደ መጠጥ፣ ወደ ጫትና ወደ ሺሻ እንዳይገቡ ለመከላከል ታስቦ ለነበረ ሥራ ቅድመ ዳሰሳውን ከባልደረቦቼ ጋር አካሂጃለሁ። ይህን የምጽፈው በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጣቢያ ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሆነው ተመሳሳይ ሥራ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ነው። ካየሁት ሁሉ አስቀድሜ ማስተላለፍ የምፈልገው፣ ነዋሪው ችግሩን ሳይጠየቅም እንደሚናገር፣ ያለውን አቅም ግን «ምን አላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ እንደማይቆጥረው ነው። አቅሙ የሚገለጠው በቅርቡ አንድ ነገር በደረሰ ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ በዝርዝር ሲጠየቅ ነው።

መጀመሪያ መወሰን ያለበት «ማኅበረሰቡ» የምንለው ማን እንደሆነ ነው። ለአስተዳደር ሥራ የወረዳው ክልል ይበቃል፤ ለመከላከል ሥራ ግን አይበቃም። በየካ አባዶና አካባቢው በ20/80 ዕጣ ወጥቶለት የገባ ባለቤት፣ ከባለዕጣው ተከራይቶ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ለመልቀቅ የሚገደድ ተከራይ፣ ከመሃል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ የመጣ ቤተሰብ፣ እንዲሁም ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት መሬቱን ያርስ የነበረ ገበሬና ልጆቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት በአንድ ታክሲ ይሳፈሩ ይሆናል፤ አንዱ የሌላውን ለቅሶ መድረሱ ግን ያጠራጥራል። ስለዚህ ከአንዱ ክፍል የተሰበሰበ መረጃ ለሌሎቹ እንዲያገለግል መጠበቅ አይቻልም፤ ናሙናውም ከመጀመሪያው አራቱንም እንዲነካ ተደርጎ መወሰድ አለበት።

የአስተዳደር ወሰኑም የራሱ ጣጣ አለው። ከሳይቱ ወጣ ሲባል የሚገባበት የለገጣፎ ለገዳዲ አካባቢ ቀድሞ ራሱን የቻለ ከተማ የነበረ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት የእርሱ አካል ሆኗል፤ ማለትም በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። ወጣቱ ይህን ወሰን በእግሩ ሲያቋርጥ ልብ አይለውም፤ ፖሊስና ደንብ አስከባሪ ግን ከዚያ ማዶ ሥልጣን የላቸውም። በአንደኛው ወገን የታሸገ ሺሻ ቤት በሌላኛው ወገን ሲከፈት፣ በወረዳው ካርታ ብቻ የተሠራ ዳሰሳ ችግሩ እንደቀነሰ ይመዘግባል። እኛ የጥናቱን ክልል ያሰመርነው ወጣቶቹን ዓርብ ማታና እሑድ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውሉና እንደሚያመሹ ጠይቀን፣ የጠሯቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ አገናኝተን ነው። የተገኘው ቅርጽ ከወረዳው ካርታ ጋር እምብዛም አይመሳሰልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥር ጥያቄ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚያ ቆጠራ ተነሥተው የሚሰሉ ትንበያዎች ለከተማዋ በጠቅላላው ሊያገለግሉ ይችሉ ይሆናል፤ ከቆጠራው በኋላ በእርሻ መሬት ላይ ለተተከለ ሰፈር ሲሆኑ ግን ትርጉም ያጣሉ። ስንት ወጣት እንዳለ ሳይታወቅ ደግሞ «ብዙ ወጣት ይቅማል» የሚለው አባባል የሚለካበት መሠረት የለውም። በእኔ ልምድ የተሻለው መንገድ ብሎኮቹንና ቤቶቹን ቆጥሮ፣ የተዘጉትንና የተከራዩትን ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጠይቆ፣ ውጤቱን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ የትኛው በር ስንት ሰዓት እንደሚከፈት እንኳ ያውቃሉ። ከእነርሱ ጋር ሻይ ጠጥቶ መነጋገር ከብዙ ሰነድ ይበልጣል።

አገር አቀፍ አኃዞችን መጥቀስ አስፈላጊ ቢሆንም የት ላይ እንደሚያበቁ ማወቅ ይገባል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ እንደሆኑ ተመዝግቧል። ይህ ለአገር ዕቅድ ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ በአንድ ብሎክ ምድር ቤት መጋረጃ ተጋርዶበት ስለሚሠራ ሺሻ ግን የሚነግረን ነገር የለም። የጤና ጣቢያ መዝገብም እንዲሁ ነው፦ እሑድ ማለዳ ግንባሩ ተፈንክቶ የመጣው ወጣት «ጉዳት» ተብሎ ይጻፋል፣ ምን ጠጥቶ እንደነበር ግን የሚሞላበት ዓምድ የለም። መዝገቡን ከማገላበጥ ይልቅ ቅዳሜ ማታ ተረኛ የሚሆኑትን ነርሶች ማነጋገር ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

እንዲህ ያለ ዳሰሳ ሲታሰብ ሁሉም ቀድሞ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ርእሰ መምህሩ ከፈቀደ በአንድ ጠዋት ብዙ መጠይቅ ይሞላል። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ከሁሉ ይበልጥ ለችግሩ ቅርብ የሆኑት ትምህርት ቤት ውስጥ የሉም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያመጡት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማካካሻ ትምህርት የሚቀጥሉት ቢቀነሱም፣ ትምህርት የጨረሰ፣ ሥራ ያልጀመረ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል አንድ ትልቅ ክፍል ይቀራል። ይህ ክፍል በትምህርት ቤት መጠይቅ አይገኝም፤ የሚገኘው በፑል ቤት፣ በጆተኒው ዙሪያ፣ በታክሲ ተራና በሕንፃዎቹ መወጣጫ ደረጃዎች ላይ ነው። የወጣቱን ሁኔታ ለማወቅ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያና ክበባት አነጋግሮ መመለስ የሥራውን ግማሽ መተው ነው።

ሰፈሩን በእግር መዞር የግድ ነው፤ ያውም በተለያየ ሰዓት። ጠዋት ላይ የሚታየው ሰፈር ጸጥ ያለና ሥርዓት የያዘ ነው። ከቀኑ 9፡30 በኋላ ተማሪዎች ሲለቀቁ ሌላ ሰፈር ይሆናል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ ሦስተኛ ሰፈር ነው። የአብዛኛው ቤተሰብ የሥራ ቦታ በመሃል ከተማ በመሆኑ፣ ወላጅ ከሥራ ወጥቶ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቤቱ የሚደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት በሚመለስበትና ወላጁ ደጁን በሚያንኳኳበት መካከል ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የሚደርስ ክፍተት አለ። በየብሎኩ ሥር ያሉት ጫት ቤቶችና የቤቲንግ (የስፖርት ውርርድ) ቤቶች የሚሞሉት በዚሁ ሰዓት መሆኑን ያረጋገጥነው በር ላይ ቆመን በማየት ነው። በዳሰሳ ሪፖርት ላይ «ጫት የሚቅሙ ወጣቶች አሉ» ብሎ መጻፍ ሁሉም የሚያውቀውን መድገም ነው፤ «ከ9፡30 እስከ ምሽቱ 1፡30 ድረስ ልጆች የሚውሉበት ሌላ ክፍት በር የለም» ብሎ መጻፍ ግን አንድ ሊሠራ የሚችል ነገር ይጠቁማል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚታወቁት ተመራማሪዎች ዴቪድ ሆኪንስና ሪቻርድ ካታላኖ የመከላከል ሥራን ለአደጋ በሚያጋልጡና ከአደጋ በሚጠብቁ ሁኔታዎች ላይ የመሠረቱት ለዚህ ይመስለኛል፦ ከሱሱ ይልቅ ወደ ሱሱ የሚያደርሰው መንገድ ቀድሞ ሊለወጥ ይችላል።

የቡድን ውይይት ስናደርግ እናቶችን፣ አባቶችን፣ ወጣት ወንዶችንና ወጣት ሴቶችን ለየብቻ እናስቀምጥ ነበር። ሽማግሌ ባለበት ወጣት አይናገርም፤ ከተናገረም ሽማግሌው ሊሰማ የሚፈልገውን ነው። ችግሮችን በስፋታቸው ለማስቀደም ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የባቄላ ፍሬ እየሰጠን በሥዕል በተወከሉት ጉዳዮች ላይ እንዲያስቀምጥ አደረግን፤ ይህ መጻፍ የማይችሉትንም ያሳትፋል፣ ድምፅ ያለው ሰው ብቻ እንዳይወስንም ይከላከላል። እናቶቹ ባቄላቸውን በመጠጥና በሥራ ማጣት ላይ ከመሩ። ወጣት ወንዶቹ ግን እኛ ያላዘጋጀነውን ሥዕል ጠየቁ፦ ቤቲንግ። እንደ እነርሱ ገለጻ ብዙዎች ጫት ቤት የሚገቡት የጨዋታውን ውጤት ለመጠበቅ ነው፣ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ማታ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይከተላል፣ ዕዳውም ከቤት ዕቃ ማውጣትን ያስከትላል። የቤቲንጉ ነገር ባይነሣ ኖሮ ስለ ጫት ጤና ጉዳት የሚያስተምር መርሐ ግብር ነድፈን እንወጣ ነበር።

አሁን ወደ አቅሙ ልምጣ፤ በእኔ አስተያየት አብዛኞቹ ዳሰሳዎች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር በሰፈሩ ያሉ ተቋማትን መዘርዘር ነው፦ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ የወጣቶች ስብዕና ማጎልበቻ ማዕከል፣ ወዘተ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ የሚያሳየው ግን መንግሥት የሠራውን ነው። በነዋሪው ዘንድ ያለውን ስንጠይቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር። በአንደኛው ብሎክ የሚኖሩ፣ በድሮ ሰፈራቸው ለረጅም ዓመታት የዕድር ዳኛ የነበሩ አባት «ጋሼ፣ እዚህ ሳይት ዕድር አለ?» ስላቸው «ኧረ ልጄ፣ እዚህማ ሰው ገና አልተዋወቀም፤ ሁሉም የሚከፍለው በጥንት ሰፈሩ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ የመጣ ሰው የዕድር መዋጮውን ትቶት አልመጣም፤ በየወሩ ታክሲ ተሳፍሮ ይከፍላል፣ ሲሞትም የሚቀብረው ያ ዕድር ነው። ከዚያ ጥያቄውን ለወጥኩት፦ «በቅርቡ ከዚህ ብሎክ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከየት መጣ?» አባታችን ቆም ብለው አሰቡና መቁጠር ጀመሩ። ድንኳኑ የመጣው ከታች መንደር ካሉት ገበሬዎች ነው። ወንበሩን የሰጠው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው። ውኃ ያልነበረበት ቀን ስለነበር ነጋዴዋ ከሱቋ ጀሪካን አውጥታለች። «ወንበሩንማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጡት እነዚያ ደረጃ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው» አሉ።

እነዚያ ልጆች በእናቶቹ ውይይት ላይ የሰፈሩ ችግር ተብለው የተጠቀሱት ናቸው። ይህ አንድ ጥያቄ ከዚያ በኋላ የዳሰሳችንን ቅጽ ለወጠው፤ «ምን ተቋም አለ?» በሚለው ፈንታ ለቅሶ ሲሆን፣ ሴት በሌሊት ምጥ ሲይዛት፣ ውኃ ለቀናት ሲጠፋ፣ ልጅ ጠፍቶ ሲፈለግ ማን እንደተጠራና ማን እንደመጣ የሚጠይቁ ጥያቄዎች ገቡ። በአሜሪካ ጆን ክሬትዝማንና ጆን መክናይት የተባሉ ምሁራን ማኅበረሰብን ከጉድለቱ ይልቅ ካለው ተነሥቶ የማጥናትን ዘዴ አስፋፍተዋል፤ ለእኛ አገር ሰው ግን ለቅሶ፣ ሠርግና ዕቁብ ዘዴውን ከማንም ቀድመው ያስተምራሉ። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ የወንጌል አማኞች የወጣት ኅብረት፣ በአንድ መወጣጫ ደረጃ የሚጠቀሙ ሴቶች የቡና ማኅበር፣ የተራ አስከባሪዎች ቡድን፣ ባዶ ቦታ ፈልጎ ቅዳሜ ጠዋት የሚጫወት የሰፈር እግር ኳስ ቡድን፤ እነዚህ ሁሉ በወረዳው የተቋማት ዝርዝር ውስጥ የሉም።

በገበሬው መንደር ሥራው ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ ዕድሩ ጠንካራ ነው፣ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ቅሬታውም የቆየ ነው። ለመሬቱ ካሳ የተቀበለ ቤተሰብ ገንዘቡ ሲያልቅ ልጁ ጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ በአባቱ ማሳ ላይ በቆመው ሕንፃ ሥር ሲውል፣ የመጠጡን ነገር ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም። በአማርኛ ብቻ የሚጠይቅ ባለሙያ ወደዚህ መንደር መላክ አክብሮት የጎደለው ከመሆኑም በላይ ጨዋነት የተሞላ «ደህና ነን» ከማግኘት አያልፍም። የመንደሩን ተወላጅ አሠልጥኖ በጠያቂነት ማሰማራት ወጪው ትንሽ ነው፤ እንደ ልምዴ ሌላ አማራጭም የለውም።

ስለ አረቄና ጠላ ሻጮች ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ሲሆኑ የቤት ኪራያቸው ከዚያው ይወጣል። በዳሰሳ ሪፖርት ላይ «የአረቄ ቤቶች መበራከት» ብሎ በአደጋ ዓምድ ሥር መጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን እኛ ቁጭ ብለን ስናነጋግራቸው የትኛው ልጅ መቼ መጠጣት እንደጀመረ፣ ማን ለዕዳው ስልኩን እንዳስያዘ፣ የትኛው ጠጥቶ ሲያለቅስ እንደሚያመሽ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንዷ እትዬ «ዩኒፎርም ለብሶ ከመጣ አልቀዳለትም፣ ቀይሮ ከመጣ ግን ምን ላድርግ?» አለችን። ይህን የምትል ሴት በመከላከል ሥራው ውስጥ ቦታ ሊኖራት ይገባል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን መተዳደሪያ የሚነጥቅ ዕቅድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን በሯን አትከፍትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ከባድ ጉዳይ የካርታው ነው። የሚሸጥበትን፣ የሚቃምበትንና የሚጨስበትን ቦታ በካርታ ላይ ማስፈር ለትንተና ይጠቅማል። ይሁን እንጂ የብሎክና የቤት ቁጥር የያዘ ካርታ ከተዘጋጀ፣ አንድ ቀን በዘመቻ ላይ መዋሉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለእኛ የተናገረው ወጣት ጠቋሚ ይባላል፣ እኛም ወደዚያ ሰፈር አንመለስም። ስለዚህ በካርታችን ላይ የተቀመጠው «ከአስፋልቱ በስተ ምሥራቅ ያሉ ብሎኮች» በሚል ደረጃ ነው፤ የሰው ስም በምንም ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ለወረዳውም ለፖሊስም ከውይይቱ በፊት ይህንኑ በግልጽ ነግረናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባላቱ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም በኋላ ተረድተውናል። ይህን ስምምነት ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መያዝ ይመከራል።

ፍላጎትና አቅም ከታወቀም በኋላ ሰፈሩ ለሥራው ምን ያህል ዝግጁ ነው የሚል ጥያቄ ይቀራል። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ አንድ ሞዴል የማኅበረሰብን ዝግጁነት በዘጠኝ ደረጃ ይከፍላል፤ ችግሩን ጨርሶ እንደ ችግር ካለመቁጠር ይጀምራል። በእኛ አካባቢ መጠጥና ጫት በአንድ ደረጃ ላይ አይደሉም። መጠጥ ጎጂ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ጫት ግን በሕግ ያልተከለከለ፣ አገር ወደ ውጭ የምትልከው፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ በእንግዳ መቀበያና በጸሎት ሥርዓት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ዓላማው ለአካለ መጠን ያልደረሱ እንዳይጀምሩ ማድረግና ለሌሎችም መጀመሪያውን ማዘግየት መሆኑን ለይቶ መናገር ይገባል፤ አለበለዚያ የሰፈሩ ግማሽ ሃይማኖቱና ልማዱ እንደተነካ ይቆጥራል። በመጠጥ ረገድ ሕጉ ራሱ ይረዳል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ካነጋገርናቸው የግሮሰሪ ባለቤቶች ብዙዎቹ ግን የሚያውቁት 18 ዓመትን ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከአንድ የታተመ ወረቀትና ከጥቂት ጉብኝት የበለጠ ወጪ አያስፈልግም።

የሕክምና አገልግሎትን በሚመለከት፣ ሱስ ውስጥ ለገባ ወጣት ሪፈር የሚጻፍባቸው አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በአቅራቢያ ያለው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ናቸው። በአቅም ዝርዝር ላይ ስማቸውን መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ በምን ትራንስፖርት፣ በስንት ብር፣ ከማን ጋር እንደሚኬድ አብሮ መጻፍ አለበት። የታክሲ ሳንቲም የሌላት እናት ሪፈር ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ወራት ታስቆጥራለች።

ውጤቱን ለነዋሪው መልሶ ማቅረብ ከዳሰሳው ሥራ አንዱ ክፍል ነው። እኛ ከብሎኮቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቀረብነው፤ የተዘጋጀው አንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተነበበ፣ ነዋሪውም አረመን። ለምሳሌ የወጣት ማዕከሉን እንደ አቅም ቆጥረነው ነበር፤ ወጣት ሴቶቹ ግን ከሰዓት በኋላ ፑሉ ዙሪያ የሚቆሙት ወንዶች ስለሚያስቸግሯቸው ደጁን እንደማይረግጡ ሲናገሩ ለእነርሱ ከዝርዝሩ ወጣ። በቅድሚያ እንዲሠራ የተመረጠው ያ የከሰዓት በኋላ ክፍተት ነበር፤ አስፈላጊም ነው፣ ደግሞም በሰፈሩ አቅም ሊለወጥ የሚችል ነው። ሥራ ማጣት ከእርሱ ቢበልጥም በአንድ ሰፈር አቅም የሚፈታ ባለመሆኑ በሁለተኛ ደረጃ ተያዘ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሥራ ቀናት ከ10 ሰዓት ጀምሮ ለማንኛውም ሃይማኖት ተማሪ ለጥናት እንዲከፈት፣ የመስጊዱ ጀመዓም ግቢውን በተለዋጭ ቀናት እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ወንበር ተሸካሚዎቹ ልጆች ደግሞ የመክፈቻ ቁልፉን እንዲይዙ የጠየቁት እኒያው የቀድሞ የዕድር ዳኛ ናቸው።

ተከራዩ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ይህ መረጃ ቶሎ ያረጃል። በየዓመቱ በነሐሴ ወር፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የየብሎኩ ተወካዮች የአቅሙን ዝርዝር እንዲያድሱት አንድ ቅጂ በጤና ጣቢያው፣ አንድ ቅጂ በታችኛው መንደር ዕድር ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጧል። አዲስ ተከራይ ሲገባ የሚጠየቀውም ያው የለቅሶው ጥያቄ ነው፦ በነበሩበት ሰፈር ሰው ሲሞት እርስዎ የትኛውን ሥራ ይይዙ ነበር?